የነጂ ፕሮግራሞችን ወደ ዐዲስ የሊኑክስ ከርነል እትም ስለማሸጋገር፦ የሙያው ቃላትና የሚያስከትሉት የትርጉም ችግር

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የተተረጎመ የቴክኒክ መመሪያ ረቂቅ ለእርማት ቀርቦልን ነበር። የመመሪያው ዓላማ የውሃ ፓምፕ የሚቈጣጠር አነስተኛ ኮምፒዩተር ከአሮጌ ወደ ዐዲስ የሊኑክስ ከርነል እትም ሲዛወር ባለሙያው ሊፈጽማቸው የሚገቡትን ሥራዎች ማስረዳት ነው። በረቂቁ ሦስተኛ ገጽ ላይ «ከርነሉ የተረጋጋ ስላልሆነ ለሥራ አይታመንም» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘን። ወደ መነሻው ጽሑፍ ስንመለስ ግን የተባለው ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ይኸውም የከርነሉ ውስጣዊ ክፍሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ደንቦች ከእትም ወደ እትም ሊለወጡ ይችላሉ የሚል ነው። ተርጓሚው ሰነፍ አልነበረም፤ አማርኛውም የጠራ ነው። የሳተው የአንድ ቅጽል አገባብ ብቻ ሲሆን፣ በዚሁ ስሕተት ምክንያት መመሪያውን የሚያነብ ባለሙያ ማሸጋገሩን ትቶ በአሮጌው እትም መቈየትን ይመርጣል። ይህ ደግሞ መነሻው ጽሑፍ ከሚመክረው ተቃራኒ ነው።

ይህ አጋጣሚ በሙያው ቃላት ላይ ጥቂት እንድንቈይ አስገድዶናል። ነገሩን ሳይረዱ ቃሉን መሰየም ስለማይቻል በመጀመሪያ ስለ ሥራው ራሱ እንናገራለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከርነል ማለት የኮምፒዩተር ሥርዐተ ክወና ማእከላዊ ክፍል ሲሆን፣ ተግባሩ የአንጎለ ኮምፒዩተሩን ጊዜ፣ ማኅደረ ትውስታውንና ከማሽኑ ጋር የተያያዙትን መሣሪያዎች ለልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ማደል ነው። የሊኑክስን ከርነል ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ጀመረው፤ እትም 1.0 በ1994 ወጣ። ቃሉ በእንግሊዝኛ የለውዝን ወይም የእህልን ፍሬ የሚያመለክት ስለሆነ «ፍሬ»፣ «እንብርት»፣ «አስኳል» የሚሉ አቻዎች ሊታሰቡ ይችላሉ። ከሦስቱ የሚሻለው አስኳል ነበር፤ ነገር ግን ይህ ቃል በሥነ ሕይወትም በፊዚክስም ለኑክሊየስ ከዋለ ቈይቷል። ስለዚህ «ከርነል» የሚለውን የውሰት ቃል እንዳለ መቀበል ይሻላል እንላለን። ድምፆቹ ለአማርኛ ተናጋሪ አያስቸግሩም፤ «ከርነሉ»፣ «ከርነሎች»፣ «የከርነል» እያለ ያለ ችግር ይረባል።

ሁለተኛው ቃል ያን ያህል ቀላል አይደለም። ከርነሉ ራሱ እያንዳንዱን መሣሪያ አያውቅም። የሙቀት መለኪያውን፣ የኔትወርክ ካርዱን፣ የፓምፑን ማብሪያ ቋንቋ የሚያውቅ ለየመሣሪያው የተጻፈ ክፍል አለ፤ እንግሊዝኛው ድራይቨር ይለዋል። በአማርኛ «ሹፌር» የሚል ትርጉም አይተናል፤ ፈገግ ከማሰኘት በቀር ሌላ ጥቅም አላገኘንበትም። በግብሩ ብንመለከተው ይህ ክፍል ከሚነዳ ይልቅ የሚያስተረጕም ነው፤ ከርነሉ በአንድ ወጥ ቋንቋ «አንብብ»፣ «ጻፍ» ይላል፣ እርሱ ያንን መሣሪያው ወደሚገባው ምልክት ይለውጣል። በጥንቱ የቤተ መንግሥት ሥርዐት የንጉሡን ቃል ለሕዝብ የሚያሰማው ሹም አፈ ንጉሥ ይባል እንደነበር ያስታውሷል። «አስተርጓሚ» ማለትም ባማረን ነበር፤ ዳሩ ግን በኮምፒዩተር ሙያ ሌላ ዐይነት ፕሮግራም በዚሁ ስም ይጠራል። በዚህ ምክንያት «ነጂ»፣ ሲዘረዘርም «የመሣሪያ ነጂ» የሚለውን መርጠናል። ከብትም መኪናም ይነዳል፤ ቃሉ ሰፊ ስለሆነ ዐዲሱን ትርጉም ይሸከማል።

እዚህ የምንናገረው ስለ ጠረጴዛ ኮምፒዩተር አይደለም። በሌላ ዕቃ ውስጥ ተተክሎ የዚያን ዕቃ አንድ ተግባር ብቻ ስለሚያከናውን፣ እንደ ፓምፕ መቈጣጠሪያ፣ የሕሙማን የልብ ምት መከታተያ ወይም የኤሌክትሪክ ቈጣሪ ስላለ ኮምፒዩተር ነው። ይህንን ለመግለጽ «የተቀበረ ኮምፒዩተር» ማለት ፈንጂን ያስታውሳል። «ሰርጎ ገብ» ደግሞ ጠላት ነው። «የታቀፈ» የሚለውን ወደን ነበር፤ ሆኖም «ታቀፈ» በቅርጹ ተደራጊ ቢመስልም በትርጉሙ አድራጊ ነው፤ እናት ልጇን ታቀፈች እንላለንና። ስለዚህ «የታቀፈ ኮምፒዩተር» ያለ ሰው ዐቃፊው ኮምፒዩተሩ ይሁን ዕቃው አይለይለትም። ለጊዜው «በዕቃ ውስጥ የተተከለ ኮምፒዩተር» የሚለውን ረዘም ያለ ሐረግ እንጠቀማለን። አጭር ስያሜ ባለመገኘቱ አናፍርም፤ አሳሳች አጭር ቃል ከመፍጠር ረጅም ግልጽ ሐረግ ይሻላል።

እነዚህ ዕቃዎች ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለግላሉ። ከርነሉ ግን በየዘጠኝ ወይም በየዐሥር ሳምንቱ ዐዲስ እትም ይወጣለታል። (በነገራችን ላይ የእትም ቍጥር መጀመሪያው አኃዝ መለወጡ ታላቅ ተሐድሶ መደረጉን አያመለክትም፤ በ2011 ከ2.6.39 ቀጥሎ 3.0 ሲባል፣ ኋላም 4.0 እና 5.0 ሲባል ቍጥሩ ስለበዛ እንጂ ከርነሉ ከመሠረቱ ስለተለወጠ አልነበረም። ተርጓሚው «ዐዲስ ምዕራፍ» ለማለት አይቸኩል።) ከእነዚህ እትሞች መካከል ጥቂቶቹ ተመርጠው ለዓመታት እርማት ይደረግላቸዋል። ለምሳሌ በ2013 የወጣው 3.10 እርማቱ በ2017 ቆመ፤ በ2018 የወጣው 4.19 እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ሲታረም ቈየ። እርማቱ ከቆመ በኋላ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ በዚያ እትም ላይ በዋናዎቹ አራሚዎች አይደፈንም። እንግዲህ የፓምፑ ባለቤት ወደ ዐዲሱ እትም እንዲሻገር የሚያስገድደው ፋሽን ሳይሆን ይህ ነው፤ እርሱ ሲሻገር ደግሞ ነጂዎቹ አብረው መሻገር አለባቸው። «ማሸጋገር» የሚለውን ቃል የመረጥነውም ሰው ወንዝ እንደሚያሸጋግር ሁሉ ተሻጋሪው ያው ሆኖ መሬቱ ብቻ ስለሚለወጥ ነው።

አሁን ወደዚያ ወዳሳሳተው ቅጽል እንመለስ። እንግሊዝኛው ስቴብል የሚለው በዚህ ሙያ ቢያንስ ሦስት አገባብ አለው። በቀድሞው ልማድ ሁለተኛው አኃዝ ሙሉ ቍጥር የሆነ እትም፣ ማለትም 2.2 ወይም 2.4፣ ለሥራ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ጎዶሎው 2.3 ወይም 2.5 የሙከራ ነበር፤ ይህ ልማድ ከ2.6 ወዲህ ቀርቷል። ሁለተኛው አገባብ በ2005 የተጀመረ ነው፤ አንድ እትም ከወጣ በኋላ ዐዲስ ነገር ሳይጨመርበት ስሕተቱ ብቻ እየታረመ በተከታታይ የሚወጣውን ያመለክታል። ሦስተኛው ስለ እትም ሳይሆን ስለ ደንብ ነው፤ አንድ ክፍል ሌላውን ክፍል የሚጠራበት ስምና ቅርጽ ዘወትር ያው ይሁን ወይስ አይሁን የሚለውን ይገልጻል። በዚህ በሦስተኛው ረገድ የከርነሉ ሠሪዎች አቋም ግልጽ ነው። ከከርነሉ ውጭ ላሉ ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች የተሰጠው የመነጋገሪያ ደንብ አይፈርስም፤ በከርነሉ ውስጥ ያለው ደንብ ግን ቋሚ እንዲሆን ቃል አልተገባም፣ እንዲሆንም አይፈለግም። ግሬግ ክሮሃርትማን ይህንኑ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከከርነሉ ሰነዶች ጋር አኑሯል። ምክንያቱም የተበላሸ ደንብ ለዘለዓለም ከመሸከም ማረም ይሻላል የሚል ነው።

ሦስቱን አገባቦች በ«የተረጋጋ» ብቻ መተርጐም ረቂቁ ውስጥ እንዳየነው አደገኛ ነው። እኛ የምናቀርበው ለደንብ «ቋሚ»፣ ለእትም «የታረመ እትም» እንዲባል ነው። የመጽሐፍ አሳታሚዎች ታርሞ በድጋሚ የታተመ የሚሉት ያው ሐሳብ ነውና። ኢንተርፌስ ለሚለውም በየቦታው «በይነ ገጽ» ሲባል እንሰማለን፤ ለሚታይ ስክሪን ይስማማል፣ በከርነል ውስጥ ግን የሚታይ ገጽ ስለሌለ «የመነጋገሪያ ደንብ» ብለነዋል።

ደንቡ ቋሚ ካልሆነ ነጂዎች እንዴት ይኖራሉ? መልሱ በሥራ ክፍፍሉ ላይ ነው። ነጂው በዋናው የከርነል መዝገብ ውስጥ ከተካተተ፣ ደንቡን የለወጠው ሰው ያንን ደንብ የሚጠቀሙትን ነጂዎች ሁሉ አብሮ የማረም ግዴታ አለበት። ከመዝገቡ ውጭ የቀረ ነጂ ግን አራሚ የለውም። ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም፤ የአንድን ፊደል አጻጻፍ የለወጠ ሰው በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ እንዲያርም ቢገደድ፣ በግለሰብ ቤት የተቀመጠው ቅጂ በአሮጌው አጻጻፍ እንደሚቀር ማለት ነው። እንግሊዝኛው ይህንን «ከዛፉ ውጭ» ይለዋል፤ ቃል በቃል ከተተረጐመ አማርኛ አንባቢ ምንም አይረዳም። «ከዋናው መዝገብ ውጭ» ይባል። ማሸጋገር የሚባለው አድካሚ ሥራም በአብዛኛው የእነዚህ የውጭ ቅጂዎች ዕጣ ነው፤ የዕቃ ሠሪ ድርጅቶች ነጂያቸውን ለአንድ እትም ጽፈው ስለሚተዉት።

ሥራው ራሱ ምን ይመስላል? ባለሙያው የነጂውን ምንጭ ጽሑፍ ከዐዲሱ ከርነል ጋር ያጠናቅራል፤ አጠናቃሪው የማያውቀውን ስም፣ የማይገጥመውን ግቤት እየነቀሰ ያወጣል። ከ2.6 በቀጥታ ወደ 6 ከመዝለል በመካከል ባሉት እትሞች እየረገጡ መሄድ ይመረጣል፤ እያንዳንዱ ለውጥ በየት እትም፣ በማን፣ ስለምን እንደተደረገ በለውጥ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ይገኛልና። አንዳንዱ ለውጥ ቀላል ነው። እስከ 2.6.18 ድረስ የማቋረጫ ምልክት የሚቀበለው ተግባር ሦስት ግቤቶች ነበሩት፤ ከ2.6.19 (2006) ወዲህ ሁለት ሆኑ። (ማቋረጫ ያልነው መሣሪያው «ጕዳይ አለኝ» ብሎ አንጎለ ኮምፒዩተሩን ከያዘው ሥራ የሚያስቆምበት ምልክት ነው። «አቋራጭ» የሚሉ አሉ፤ አንባቢው አቋራጭ መንገድ ይመስለዋል።)

አንዳንዱ ለውጥ ደግሞ ምክንያቱን ማወቅ ይጠይቃል። በአሮጌው አሠራር አንድ ነጂ ሰዓት ቈጣሪ ሲያዘጋጅ ጊዜው ሲደርስ የሚጠራውን ተግባር፣ ከጎኑም ለዚያ ተግባር የሚተላለፈውን አንድ ቍጥር ያስመዘግብ ነበር። ማኅደረ ትውስታውን ማበላሸት የቻለ ሰርጎ ገብ (ቃሉ እዚህ በትክክል ቦታውን አገኘ) ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊለውጥ ይችላል። በ2018 በወጣው እትም 4.15 አሮጌው አዘገጃጀት ተነሣ፤ ተግባሩ የሚቀበለው ሰዓት ቈጣሪውን ራሱን ሆነ፣ ነጂውም ሰዓት ቈጣሪውን የያዘውን የራሱን መዋቅር ከዚያ አስልቶ ያገኛል። ይህን የመሰለውን በመቶዎች በሚቈጠሩ ነጂዎች ላይ በእጅ ማረም ስለሚያታክት በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ዘንድ ያደገ ኮክሲኔል የተባለ መሣሪያ ይረዳል። ስሙ በፈረንሳይኛ ሌሎችን ነፍሳት የምትበላ ነጠብጣባም ጥንዚዛ ማለት ነው፤ እንግሊዞች የፕሮግራም ስሕተትን «ነፍሳት» ብለው ስለሚጠሩት ቀልዱ ግልጽ ነው፣ በአማርኛ ግን አይተርፍም።

እስካሁን ያልናቸው ስሕተቶች አጠናቃሪው ራሱ የሚጮኽባቸው ናቸው። የሚያስፈራው ስሙ ሳይለወጥ ወይም በጥቂቱ ተለውጦ ትርጉሙ የሚለወጠው ነው፤ ይህንንም ቋንቋ አጥኚው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ምሳሌ እንስጥ። ነጂው በአንድ የኤሌክትሪክ እግር ላይ ቮልቴጅ ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ማብሪያን ያዛል። በአሮጌው ደንብ እግሩ በቍጥር ይጠራ ነበር፤ «1» ሲባልም ቮልቴጁ ከፍ ይበል ማለት ነው። ከእትም 3.13 (2014) ጀምሮ በገባው ዐዲስ ደንብ «1» የሚለው ማብሪያው ይሥራ ማለት እንጂ ቮልቴጁ ከፍ ይበል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ማብሪያ ቮልቴጁ ዝቅ ሲል የሚሠራ ስለሆነ፣ ይኸው በመሣሪያው መግለጫ ላይ ከተጻፈ ከርነሉ ራሱ ይገለብጠዋል። እንግዲህ አሮጌው ነጂ ቀድሞውኑ ገልብጦ «0» ይል ከነበረና የሚያሸጋግረው ሰው ስሙን ብቻ ለውጦ «0»ን እንዳለ ከተወው፣ ትእዛዙ ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። ምንም ስሕተት ሳይነገር ፓምፑ ሥራ ሲባል ይቆማል፣ ቁም ሲባል ይሠራል። በዚያ ረቂቅ ውስጥ ይህ ቦታ «ዝቅተኛ እንቅስቃሴ ያለው እግር» ተብሎ ተተርጕሞ ነበር። ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስው አልሳተም፤ ባለሙያውን ግን ፓምፑ ፊት አቁሞ ይተወዋል። «ዝቅ ሲል የሚሠራ» ከማለት ሌላ መንገድ አይታየንም።

የመሣሪያው መግለጫ ያልነው ራሱ የስያሜ ጥያቄ አለው። ቀድሞ የአርም ዐይነት አንጎለ ኮምፒዩተር የያዘ እያንዳንዱ ሰሌዳ ምን መሣሪያ የት እንደተያያዘበት በከርነሉ ጽሑፍ ውስጥ በፕሮግራም ቋንቋ ይጻፍ ነበር። የሰሌዳው ዐይነት ሲበዛ ይህ ጽሑፍ ከልክ በላይ አበጠ፤ በ2011 ቶርቫልድስ ቅሬታውን በይፋ ገለጸ። ከዚያ ወዲህ መግለጫው ከከርነሉ ተለይቶ በራሱ ፋይል እንዲጻፍ ተደረገ፤ ሐሳቡ ከዚያ በፊት በሌሎች ማሽኖች ላይ የነበረ ነው። እትም 3.7 (2012) አንዱ ከርነል የልዩ ልዩ ሠሪዎችን የአርም ሰሌዳዎች እንዲያስነሣ ያስቻለ ሲሆን ለዚህ ያበቃውም ይኸው መለየት ነው። ስለዚህ አሮጌ ነጂ የሚያሸጋግር ሰው ነጂውን ብቻ ሳይሆን መግለጫውንም ይጽፋል፤ በመግለጫው ላይ የሠሪው ስምና የመሣሪያው ዐይነት በነጠላ ሰረዝ ተለይተው ይሰፍራሉ፣ ነጂውም ያንኑ ቃል ፊደል በፊደል ካልያዘ አይገናኙም። እንግሊዝኛው ይህን መግለጫ የመሣሪያ ዛፍ ይለዋል። አማርኛ ዝምድናን የሚቈጥረው በዛፍ ሳይሆን በሐረግ ነው፤ የዘር ሐረግ እንላለንና «የመሣሪያ ሐረግ» ከቋንቋው ጠባይ ጋር የሚስማማ፣ መገጣጠሚያዎቹም «አንጓ» ቢባሉ የሚያምር ነበር። ሆኖም ሐረግ በሰዋስው የቃላት ቡድን መጠሪያ ሆኗል። በአንድ ጉባኤ ላይ ቃሉ ቢነሣ የሚያደናግረው የዚህን መጽሔት አንባብያን እንጂ የፓምፑን ባለሙያ ስላይደለ፣ እኛ ሐረግን እንደግፋለን።

አንድ ሌላ ጥንድ በአጭሩ እንጥቀስ። ዐዲስ እርማት ወስዶ በአሮጌ እትም ላይ መሥራት «ወደኋላ ማሸጋገር» ይባል እንጂ «መመለስ» አይባል፤ መመለስ የተደረገውን ለውጥ መሰረዝ ነውና። እንደዚሁም «ሊሻር የታወጀ» እና «የተሻረ» ይለያዩ። የገንዘብ ኖት ሲቀየር አሮጌው ኖት የመለወጫው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ይገዛበታል፤ ሊሻር የታወጀ ደንብም እንዲሁ ይሠራል፣ የተሻረው ግን አይሠራም። ሁለቱ በአንድ ቃል ከተተረጐሙ ባለሙያው ጊዜ እንዳለው ወይም እንደሌለው አያውቅም።

በ2020 የከርነሉ ሠሪዎች በራሳቸው መዝገበ ቃላት ላይ አንድ ውሳኔ አሳልፈዋል፤ ሁለት መሣሪያዎች ሲነጋገሩ አዛዡን «ጌታ» ታዛዡን «ባሪያ» የሚለው የቈየ የእንግሊዝኛ ስያሜ በዐዲስ ጽሑፍ ላይ እንዳይጨመር፣ ከውጭ ፕሮግራሞች ጋር በተገባ ደንብ ወይም በመሣሪያው ዝርዝር ላይ አስቀድሞ የሰፈረው ግን እንዲቈይ ተደረገ። ስለዚህ በአሮጌ ነጂ ውስጥ የነበረ ስም በዐዲሱ ላይ በሌላ ስም ይገኛል፤ ይህም የማሸጋገሩ አካል ነው። የአማርኛው ተርጓሚ ከዚህ ውሳኔ በፊትም «ባሪያ» ብሎ የሚጽፍበት ምክንያት አልነበረውም። ቃሉ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ምን እንደተሸከመ የታወቀ ነው። «መሪ» እና «ተመሪ» አሉ፤ ከአንድ ሥር የሚረቡ፣ ግንኙነቱን ያለ ትርፍ የሚገልጹ ናቸው።

በመጨረሻ ገና ያልቈረጥንበት ቃል አለ። ከርነሉ መሣሪያንና ነጂን ሲያገናኝ በመጀመሪያ የሚጠራውን የነጂውን ተግባር እንግሊዝኛው ፕሮብ ይለዋል፤ ቃሉ መነካካትን፣ መፈተሽን ያመለክታል። ጥንት ነጂው መሣሪያው መኖር አለመኖሩን ራሱ እየነካካ ይፈልግ ስለነበር ስሙ ይገባው ነበር። ዛሬ የመሣሪያው ሐረግ መኖሩን ስለሚናገር ተግባሩ በአብዛኛው የሚያደርገው መሣሪያውን መቀበልና ለሥራ ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ «መፈተሻ» ከማለት «መረከቢያ»፣ ነጂው ሲሰናበት ለሚጠራውም ተቃራኒ ተግባር «ማስረከቢያ» ማለትን እናዘነብላለን። ይህ ሁለተኛው ተግባር በሰሌዳው ላይ በቀጥታ ለተያያዙ መሣሪያዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የስሕተት ቍጥር ይመልስ ነበር፤ ብዙ ነጂ ጸሐፊዎችም «አላስረክብም» ማለት የሚቻል ይመስላቸው ነበር። ከርነሉ ግን ቍጥሩን ሰምቶ ማስጠንቀቂያ ከመጻፍ በቀር ምንም አያደርግም፤ መሣሪያው ያው ይወሰዳል። በ2024 በወጣው እትም 6.11 ተግባሩ ምንም እንዳይመልስ ተደርጎ ቅርጹ ተስተካከለ፤ ቍጥር የሚመልስ አሮጌ ነጂ በእጁ ያለ ባለሙያም ያንን መስመር ማውጣት ይኖርበታል።